በብብት የተያዘች ብልቃጥ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ወረታ፣ በአንድ ክሊኒክ፣ ነርሷ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። የወንድ ዘር ናሙና እንዴት እንደሚመጣ ልታስረዳኝ ስትጀምር «አውቃለሁ» አልኋት። ደጅ ወጥቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ካረፈ ገና ዓመቱ ነው።

የናሙና ነገር የተማርሁት በእሱ ጊዜ ነው። ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርሁ፤ ቀበሌው ሰዉን አንድ ለአምስት እያደራጀ የሚሰበስብበት ዘመን። ጋሼና ሚስቱ እታለም በተጋቡ በሰባት ዓመታቸውም ገና አልወለዱም ነበር። አባታችን ከሽማግሌዎች ጋር መክረው፣ ሩዙ ሲሰበሰብ እታለም ወደ ወላጆቿ እንድትሸኝ ወሰኑ። ጋሼ ግን መጀመሪያ እኔ ልመርመር አለ።

ናሙናውን ከቤት ይዘን ባሕር ዳር ልንሄድ ሆነ፤ በበረዶ መያዙ የእኔ ምክር ነበር። ላሞችን የሚያዳቅለው ባለሙያ የኮርማ ዘር በብርድ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። እናም ከለስላሳ ሻጭ በረዶ ገዝቼ ብልቃጧን ውስጡ ቀበርኋት። አውቶቡሱ ሐሙሲት ሲደርስ ውሃው ጉልበታችንን አርሶት ነበር።

ባሕር ዳር የላቦራቶሪ ባለሙያዋ አየችና «ሁሉም ሞቷል» አለች። «በብብታችሁ ይዛችሁት ብትመጡ ይሻል ነበር።»

ጋሼ ዞሮ አየኝ። «የፎገራ ኮርማ አደረግኸኝ እኮ።»

እዚያው ሌላ ናሙና ሰጠ። ዘሩ እጅግ ጥቂት ነበር። ሐኪሙ ደም ቀድተው አዲስ አበባ ላኩ። ወንዶች ብቻ ካላቸው ክሮሞዞም ላይ ቁራጭ ጎድሎ እንደሆነ በሞለኪውላዊ ምልክቶች ይታወቃል አሉን። እየተንተባተብሁ፣ እኔስ አልሁ። ብዙ ጊዜ ከአባት የሚወረስ አይደለም፣ በእሱ የጀመረ ይሆናል አሉኝ።

ውጤቱ አጨዳው ሳያልቅ ደረሰ። ቁራጩ ጎድሏል። ጋሼ ወረቀቱን በሽማግሌዎች ፊት ዘረጋው።

«አባባ፣ ላሞቹ አልይዝ ሲሉ እርስዎ ኮርማውን ነው የሚቀይሩ። በሰው ጊዜ ሴቲቱን ለምን እንቀይራለን?»

ጋሼ እታለም ወዳለችበት ጓዳ ዞሮ፣ መሄድ ከፈለግሽ አልይዝሽም አላት።

«ኮርማ ፍለጋ ይፋግ ገበያ አልወርድም» አለች እታለም።

መጀመሪያ የሳቁት አባታችን ናቸው።

አልወለዱም። የእታለምን እህት ልጅ አሳደጉ፤ በጋሼ ቀብር «አባዬ» እያለች ያለቀሰችው እሷ ናት።

እኔና ሚስቴ ልጅ ስንጠብቅ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ሳትጠይቀኝ ቀድሜ ሄድሁ። ብልቃጧን በብብቴ ይዤ፣ ክንዴን እንደ ታመመ ሰው አጥብቄ፣ አስፋልቱን ተሻገርሁ። መልሱ ማክሰኞ ነው። ምንም ይሁን ምን፣ ከቤቴ የምትሸኝ ሴት የለችም።