በቦዩ ላይ እልልታ

ደብዳቤው ማክሰኞ ደረሰኝ፤ ቬኒስ የሄድነው ቅዳሜ ነው። በመካከል ያሉትን ቀናት ደብዳቤውን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ ዋልኩ፣ ሸጉጬ አደርኩ። የታላቅ ወንድሜ ጽሑፍ ነበር። የጓደኛዬ እናት አርፈው ቀራንዮ መድኃኔዓለም መቀበራቸውን ይነግረኝና፣ «ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ መርዶውን በወጉ ንገሯት» ብሎ ይጨርሳል።

ትልቅ ሰው ከየት ይምጣ? በንጉሡ ዘመን ለአንድ ዓመት የነርስነት ሥልጠና ወደ ሰሜን ኢጣሊያ የተላክን ሦስት ሴቶች ነበርን። እኔና ጓደኛዬ ኮልፌ አንድ አጥር ለይቶን ያደግን ነን፤ ሦስተኛዋ ጎጃሜ ናት፣ እዚያው ነው የተዋወቅናት። ትልቋ እኔ ነበርኩ፣ ሃያ አራት ዓመቴ። በዚያ ዕድሜ ሙሽራ ይኮናል እንጂ መርዶ ነጋሪ አይኮንም። የእኛ አገር ሰው ሞትን በመንገድ ላይ፣ ብቻውን ላለ ሰው አይናገርም፤ ጎህ ሲቀድ፣ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው።

ከጎጃሜዋ ጋር ስንመካከር ቬኒስ የሚኖሩት እትዬ ትዝ አሉን። አዲስ አበባ ተወልደው፣ ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ግንበኛ አግብተው የሄዱ፣ አሁን ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ አልፎ አልፎ በርበሬ ይልኩልን ነበር። ደወልኩላቸው። «ቅዳሜ አምጧት» አሉኝ። «እሑድ ጎህ ሲቀድ እኔ እነግራታለሁ። እስከዚያ ትብላ፣ ትጠጣ፣ ትሳቅ። እናንተም ፊታችሁን አሳምሩ።»

ጓደኛዬ ቬኒስን እንይ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ወራት አልፈዋል። እኔ ውሃ ስለምፈራ እምቢ እል ነበር። «በቃ፣ ቅዳሜ እንሂድ» ስላት ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ደብዳቤው በሁለታችን ደረት መሃል ተንኮሻኮሸ።

ባቡሩ ውስጥ በመስኮት በኩል ያለውን ቦታ ለቀቅንላት። ቦርሳዋን እኔ ያዝኩ። ከአፏ ክፉ ቃል የማይጠፋት ጎጃሜ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሳት ጀመር። ጓደኛዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና፣ «ምን ሆናችኋል ዛሬ? ልትድሩኝ ነው እንዴ?» አለች። ከት ብለን ሳቅን። ሳቃችን ረዘመ፤ ማናችን ቀድመን ማቆም እንዳለብን አላወቅንም።

ከጣቢያው ስንወጣ ከተማዋ የለችም። ጭጋግ ብቻ። ደረጃውን ስወርድ መንገድ ነው ያልኩት ነገር ከፊቴ ተንቀሳቀሰ፤ ውሃ ነው። ሰዎቹ ከጥንት ጀምሮ ውሃ ላይ ቤት እየሠሩ፣ በጎዳና ፋንታ በቦይ እየተጓዙ ኖረዋል። የቤቶቹ በር በቀጥታ ወደ ቦዩ ይከፈታል፤ የበሩ እግር በስብሶ አረንጓዴ ሆኗል። ማን ይወጣበታል፣ ማን ይገባበታል አልኩ በሆዴ።

«እማዬ ይህን ሁሉ ውሃ ብታይ!» አለች ጓደኛዬ። «ቦኖ ጋ ስትጋፋ ኖራ! እንስራዋን አዝላ ነበር የምትመጣው።»

እውነቷን ነው። ከኮልፌ ስንነሳ እናቷ ስለዚህች ከተማ ሲሰሙ፣ «ውሃ ላይ ቤት? ታዲያ ሙታናቸውን የት ይቀብራሉ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ያን ጊዜ ሳቅንባቸው። አሁን ጎጃሜዋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች፤ ጫማዋ ግን ማሰሪያ አልነበረውም።

መኪና የሌለበት ከተማ ጸጥታው ሌላ ነው። ኮቴ ይሰማል፤ ባለቤቱ ግን አጠገባችን እስኪደርስ አይታይም። አንዳንዱ ኮቴ ደግሞ ይመጣ ይመጣና ማንም ሳይወጣ ይጠፋል። እኔ በመንፈስ የማምን ሴት አይደለሁም፤ ሬሳ ስገንዝ የዋልኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ስንት ጊዜ ወደ ኋላዬ እንደዞርኩ አላውቅም።

አንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጓደኛዬ ድንገት ቆመችና ጮክ ብላ «እመት!» አለች።

እመት የሚባለው ሴት ስትጠራ ነው። እኛ አልጠራናትም።

«ማንን ነው?» አልኳት።

«አልሰማችሁም? በቤት ስሜ ጠራችኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። በዚያ አገር የቤት ስሟን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ተቆጣኋት። «ላላየሽው ጠሪ ለምን ትመልሺለታለሽ? ሦስቴ እስኪጠራሽ አይጠበቅም?» ይህን ኮልፌ ሳለን ያስተማሩን እናቷ ራሳቸው ነበሩ፤ በመጀመሪያው ጥሪ የሚመልስን ሰው ሞትም ይሰማዋል ይሉን ነበር።

ከቀትር በኋላ አንድ ድልድይ ላይ ቆመን ሳለ በአበባ የተሸፈነች ጀልባ ከጭጋጉ ብቅ አለች። ነጭ አበባ፣ ከዳር እስከ ዳር። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ሙሽራ! ሚዜዎቹን እዩልኝ!» አለችና እልልታዋን ለቀቀችው። ኮልፌ ሰርግ ሲኖር እሷ ሳትጠራ አይደገስም፤ እልልታዋ ከገበያው ማዶ ይሰማል። ቤቶቹ ተቀብለው መለሱት፤ ከዚህም ከዚያም የማናያቸው ሴቶች አብረዋት እልል የሚሉ መሰለ። ጎጃሜዋም ሳታስበው ጀመረችና መሃል ላይ ዋጠችው።

አበባው ሥር የሬሳ ሣጥን ነበር። እዚያ ሙታንን በጀልባ አድርገው መቃብር ወዳለበት ደሴት ይወስዳሉ፤ እኛ ይህን ምኑን አውቀን። ወንዶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩን። ከሣጥኑ ራስጌ የተቀመጡት አሮጊት ግን አልተቆጡም። ጓደኛዬን ብቻ ለይተው አዩና፣ እንደሚያውቋት ሰው እጃቸውን አነሱላት። ከዚያ ጀልባዋ በእግራችን ሥር አልፋ ጭጋጉ ውስጥ ገባች።

«ሬሳ ነው?» አለች ጓደኛዬ፣ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ። «ለሬሳ እልል አልኩ?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ወጉን አሰብኩ፣ የእትዬን ትእዛዝ አሰብኩ፤ ከሁሉም በላይ ግን ፈራሁ። «ተይ እስቲ፣ ፈረንጅ ስለ እልልታ ምን ያውቃል» አልኳት።

«ሟቹስ?» አለችኝ።

እትዬ ቤት በጊዜ ገባን። ማካሮኒ በበርበሬ ሠርተው፣ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያሉ አጎረሷት። ጓደኛዬ ከመንገድ የገዛችውን ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ አውጥታ፣ «ለእናቴ ነው። ለትልቅ ሴት ደመቀ ይላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ያምርባቸዋል ልጄ» አሉና ሳህኖቹን ይዘው ወደ ማድቤት ሄዱ፤ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማን። በዚያች ሰዓት እትዬን ጠላኋቸው። ወጉንም ጠላሁት። ራሴንማ አይነሳ።

ጎህ ሲቀድ እትዬ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ሦስታችን አልጋዋ አጠገብ ቆምን። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ነጠላውን ነው።

«እማዬ ናት?» አለች።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ እትዬ።

ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞረች። «ደብዳቤው መቼ ደረሰሽ?»

«ማክሰኞ።»

«እልል ስል ታውቂ ነበር?»

ደብዳቤውን ከጉያዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«እናቴን እልል ብዬ ሸኘኋት። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ!» ጩኸቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ደንግጠው በር አንኳኩ። እንዳትወድቅ ልደግፋት ስሞክር እጄን ከትከሻዋ ላይ አነሳችው፤ ጎጃሜዋን ግን አልከለከለቻትም።

ወደ ጣቢያው ስንመለስ ያው ድልድይ ላይ ቆማ ዶቃውን ቦዩ ውስጥ ጣለችው። ውሃው ሲቀበለው ድምፅ አልሰማንም። ባቡሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ «የአንቺ ቀን ሲመጣ እኔ ሽርሽር አልወስድሽም።»

እንደ እርግማን ሰማሁት። ኮልፌ ከተመለስን በኋላም እንደ እርግማን ይዤው ኖርኩ። በአጥሩ ላይ ሰላም እንባባል ነበር፤ ግን ከአንገት በላይ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በጠራራ ፀሐይ እሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ ብቻዋን መጣች። እኔ መርፌ እየቀቀልኩ ነበር።

«አባትሽ አሁን አረፉ» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ነገ ንጋት ላይ እንንገራት ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ተነሺ፣ ታክሲ አቁሜያለሁ።»

የሰፈሩ ሰው ለዚህ ሥራዋ ለብዙ ጊዜ አልማራትም። ወግ የማታውቅ፣ ፈረንጅ አገር ያበላሻት ተባለች።

ሰይቼንቶዋ ታክሲ ጭቃው መንገድ ዳር አወረደችን። በባሕር ዛፎቹ መሃል ስንሮጥ የአባቴ ድምፅ ከኋላዬ በቤት ስሜ ጠራኝ፤ አንዴ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። «አቤት!» አልኩ። ጓደኛዬ አልተቆጣችኝም፤ ማን ጠራሽ ብላም አልጠየቀችኝም። እጄን አፈፍ አድርጋ ይዛ ሩጫዋን ቀጠለች።

ስንደርስ አባቴ ገና አልተገነዘም ነበር። የተሰበሰቡት ሴቶች እኔን ሲያዩ ደንግጠው ተነሱ። አልፌያቸው ገብቼ እጁን ያዝኩት፤ እጁ ገና ሙቀት ነበረው።