ባለ አንድ ቁልፉ ሪሞት

የሰውየውን እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰፈር ጋሽ ሪሞት ነው። በዚያ መንገድ ላይ የቴሌቪዥኑ ሪሞት እምቢ ብሎት ወደሱ ያልሮጠ ቤት የለም። ሕፃን የነከሰው፣ ሻይ የተደፋበት፣ ሶፋ ሥር ገብቶ ዓመት የከረመ፣ ሁሉም እሱ ጠረጴዛ ላይ ሆዱን ከፍቶ ይተኛል። ባልና ሚስት ተጣልተው ከግድግዳ ጋር ያላተሙትንም ያመጡለታል፤ ያኔ ታዲያ «ወደቀ» ነው የሚሉት። «አዎ፣ ወደ ጎን ነው የወደቀው» ይላል ጋሽ ሪሞት፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። ከዚያ በላይ ግን አይናገርም፤ የሰው ገመና ይዞ መኖር ያውቅበታል።

ሱቁ የገዛ ቤቱ የፊት ክፍል ነው። ከጀርባው ካለው ግድግዳ ወዲያ መኝታ ቤታቸው ነው። ሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ራዲዮ ባንድ ላይ ይጮኻል፤ አንዱ ዜና፣ አንዱ ዘፈን፣ አንዱ ደግሞ ጣቢያ የሌለው ሹሹታ ብቻ። ለሱ ምንም አይመስለውም፤ እንዲያውም ዝም ካሉ ነው የሚጨነቀው።

ሥራው ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ቀይ ሽቦ ባንድ እጅ፣ ጥቁሩን በሌላው ይዞ የተከፈተ ዕቃ ላይ ያጎነበሰ ሰው፣ ቁጥሩን አያለሁ ብሎ ቀና ካለ እጁ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ እጅ ደግሞ ደህናውን አቃጥሎ ያርፋል። ስለዚህ ቁጥር የምታነብለት ሚስቱ ነበረች። የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ወጣት ሳሉ የእናቷን ራዲዮ ልታሠራ መጣች፤ ያኔ ቴስተሩ ገና ባለ መርፌ ነበር።

«እህቴ፣ እባክሽ ይቺ መርፌ የት ጋ እንደቆመች ታዪልኛለሽ?» አላት።

«ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ... ኧረ አሁን ደግሞ ተነሳች! ምነው፣ ቁጭ ብላ አታውቅም እንዴ?»

ሳቀ። እጁም ተንሸራተተና የእናቷን ራዲዮ አቃጠለው። ሌላ እስኪሠራላት ድረስ እየተመላለሰች በዚያው ቀረች። በኋላ ቁጥር በመስኮቱ የሚያወጣ ዲጂታል ቴስተር ሲገዛ ከሱ ይልቅ የተደሰተችው እሷ ናት፤ «አሁንማ እንደ ሰው አነባለሁ» እያለች።

ጋሽ ሪሞት አንድ ዓመል አለው፤ ያለውን ነገር ሳይነካካና ሳያሻሽል ማደር አይችልም። አንድ ሰሞን ቴስተሩን ፈታውና በእግር ሲረግጡት ቁጥሩን ባለበት የሚያስቆም ቁልፍ ሠራለት። በቃ፣ ረገጥ አድርጎ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ቀና ብሎ በሰላም ማንበብ ነው። ደረቱን ነፍቶ አሳያት።

«ጎሽ» አለችው። «እንግዲህ እኔ ከሥራ ተባረርኩ ማለት ነው?»

እየሳቀች ነው ያለችው። ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ብቅ አላለችም። በማግስቱ ጠዋት የቁልፉን ሽቦ በመቀስ ቆርጦ «ተበላሸ» አላት።

«አንተ ካላበላሸኸው ምን ያበላሸዋል!» አለችና ወንበሯን ስባ እንደ ወትሮዋ ከጎኑ ተቀመጠች። ሽቦው እንደተቆረጠ እስካሁን ከቴስተሩ ወገብ ተንጠልጥሏል።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ባለፈው ዓመት ስትሮክ የጣላት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አፏም አብሮ ተያዘ። ሐኪሞቹ ንግግሯ ቀስ በቀስ ይመለሳል አሉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተመለሰው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»። ውሃ ልስጥሽ? እሺ። መጋረጃውን ልዝጋው? እሺ። ስትበሳጭም እሺ፣ ሲያማትም እሺ። አይ ጉድ! ምላሷ ምላጭ የነበረች ሴት፣ በዓለም ላይ ካለው ቃል ሁሉ ይሄ ይቅርላት? ድሮ በልመና እንኳ የማይወጣት ቃል!

ጋሽ ሪሞት አለቀሰ፤ ደብቆም አይደለም። ከዚያ እንባውን ጠረገና እንደ ዓመሉ መሥራት ጀመረ። ቀን ቀን ሱቅ ካልተቀመጠ ቤቱ አይቆምም። እሷ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ብቻዋን ተኝታለች፤ ጮኻ እንዳትጠራው ድምፅ የላትም፣ ቢኖራትም በራዲዮኖቹ መሃል አይሰማም። ስለዚህ ሪሞት ሠራላት። አንድ አሮጌ ሪሞት ወሰደና ቁልፎቹን ሁሉ አውልቆ አንድ ብቻ አስቀረ፤ በሱም ላይ የቅባት ጣሳ ክዳን አጣበቀበት፣ በግራ መዳፏ እንደ ነገሩ ብትጫነው እንኳ እንዲሠራ። የሪሞቱን ብርሃን የሚያየውን ተቀባይ ዓይን ከበሩ በላይ መታው። ከዚያ ሽቦ ስቦ ግድግዳውን ቀዳና ሱቁ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ ቀይ አምፖል ሰቀለ። አንዴ ከበራ እሱ ራሱ ካላጠፋው አይጠፋም። ባትሪ ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅ ደግሞ የሪሞቷን ጉልበት ቀነሰላት።

መሞከሩንም ሞከረው። ከአልጋው ላይ አንስቶ፣ ወደ በሩ ዘርግቶ ተጫነና ሄዶ አየ፤ አምፖሉ ቀይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ተመልሶ ከእጇ ሥር አኖረላት። «የኔ እመቤት፣ ስትፈልጊኝ ይቺን ጫን። ሰማይ ቢደፋ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ» አላት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እሺ» አለችው። ያ እሺ እውነተኛ እሺ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አምፖሉ አልበራም። አንድም ቀን።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለው፤ ደህና ብትሆን ነው አለ። ከዚያ በየመሃሉ ሄዶ ሲያያት ትራሷ ወድቆ፣ አንገቷ ተጣምሞ ያገኛታል። ሌላ ጊዜ ውሃው ተደፍቶ አንሶላው ርሶ ይደርሳል። «ምነው፣ ለምን አልጠራሽኝም?» ይላታል። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሪሞቱን ያነሳል፣ ወደ በሩ ይዘረጋል፣ ይጫናል፤ አምፖሉ ቦግ! ምንም አልሆነም። ፈታው፣ ቁልፉን መረመረ፣ ብየዳውን ሁሉ አየ። ደህና ነው። ታዲያ ዕቃው ደህና ከሆነ ምን ቀረ? እሷ ናት የቀረችው። አትፈልገኝም ማለት ነው፣ አለ በልቡ። እንዲህ ሆና እንዳያት ጠልታለች፣ ወይ እኔኑ ጠልታኛለች።

ይህ ነገር እንደ ብርድ ውስጡ ገባ። አብልቷት፣ ፀጉሯን አበጥሮላት ሲወጣ አንዲት ቃል የማይተነፍስ ሆነ። እሷም እጁ ሲነካት ዓይኗን መጨፈን አመጣች።

ልጃቸው ይህን አየች። ትዳር ይዛ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው የምትኖረው፤ በየሳምንቱ እየመጣች እናቷን ታጥባለች። «አባባ፣ አትቀየመኝ። እማዬ እዚህ ደስ አላላትም። እኔ ጋ ትሁን፣ ቤቱም ሰው አያጣም» አለችው።

«እሷን ጠይቂያት» አለ።

«እማዬ፣ እኔ ጋ ትሄጃለሽ?»

«እሺ።»

ራሷን መነቅነቅ ትችል ነበር፤ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ደግሞ ቢጠይቃት በራሷ ትመልስለት ነበር። አልጠየቃትም። መልሱን ፈራ፤ እውነቱ ይሄ ነው።

የመሄጃዋ ጠዋት ልጅቱ ሻንጣውን ሞላች። እናትየው ካፖርቷን ለብሳ፣ በተሽከርካሪው ወንበር በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጋሽ ሪሞት የሚሠራው ጠፍቶት ሪሞቷን አነሳ። ድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ከተቀመጠ ፈሳሹ ይወጣና ዕቃውን ይበላዋል፤ ስለዚህ አወጣው። ካወጣውም እሱ ሳይለካ ድንጋይ አስቀምጦ አያውቅም። ቴስተሩን አመጣና ወንበሯ አጠገብ በርከክ ብሎ፣ ሁለቱን ድንጋዮች ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ፣ ሽቦዎቹን ያዘባቸው። እንደ ልማዱ ቀና ሳይል «አንብቢልኝ» አለ።

አለና ደነገጠ። ምላሱን በቆረጠው! እሷ ግን አንገቷን አስግጋ ቁጥሩን ትኩር ብላ አየችው። ልታነብለት አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ያው «እሺ» ነው።

ልጅቱ ቶሎ ብላ ጎንበስ አለች። «አንድ ነጥብ ስምንት ይላል፣ አባባ።»

«ስንት?»

«አንድ ነጥብ ስምንት።»

«አይደለም፣ ተሳስተሻል።» ራሱ አየው። አልተሳሳተችም። ሁለቱን ድንጋዮች አዲስ አድርጎ ነው ያስገባው፤ አንድ ላይ ሦስት ቮልት ነበሩ። ያልተጫኑት ሪሞት ዓመት ሁለት ዓመት ቢቀመጥ ድንጋይ አይጨርስም፤ ይሄን ደግሞ ከሱ የሚያውቅ የለም። ምናልባት በሆነ በኩል እየባከነ ይሆናል ብሎ ሌላ ድንጋይ አስገባና ቴስተሩን በመሃል አስገብቶ ለካ። ዜሮ። ካልተጫኑት በስተቀር ምንም አይወስድም።

«አባባ፣ ምነው ላብ አጠመቀህ?»

ድንጋዩን መልሶ ገጥሞ፣ ሪሞቷን ይዞ ተነሳና አልጋው ላይ ወጥቶ በሚስቱ ቦታ ተጋደመ።

«አባባ! በጫማህ?»

«ሱቅ ሂጂና አምፖሉን እይልኝ።»

ራሱን ትራሷ ላይ አደረገ። ብርድ ልብሱን እሷ በምትለብሰው ልክ እስከ ደረቱ ሳበ። ሪሞቷን ከጎኑ፣ ሁልጊዜ በሚያኖርላት ቦታ አስቀመጠና በግራ መዳፉ፣ ሳያነሳት፣ ተጫነ።

«አልበራም!» አለች ልጅቱ ከግድግዳው ወዲያ።

ደግሞ ተጫነ። «አልበራም አባባ!» ደግሞ። «ኧረ ምንም የለም!»

ወደ እግሩ አቅጣጫ ተመለከተ። የአልጋው የግርጌ ሳንቃ እንደ አጥር ቆሟል። ከበሩ በላይ የመታት ተቀባይ ዓይን ከዚያ ትራስ ላይ ጭራሽ አትታይም። የሪሞቷ ብርሃን ብርድ ልብሱንና ሳንቃውን እየመታ እዚያው ይቀራል። ዕድሜ ልኩን ሪሞት ሲሞክር አንስቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ ነው፤ ሌላ አሞካከር አያውቅም። ማንሳት የማትችል ሴት እንዴት እንደምትጫን አንድ ቀን አላሰበም። እጁን አነሳና ወደ በሩ ዘርግቶ ተጫነ።

«በራ!» አለች ልጅቱ።

ጋሽ ሪሞት ከአልጋው እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። ሚስቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ነው ራሱን ያገኘው።

«ትጠሪኝ ነበር?»

ራሷን ወደ ታች፣ ወደ ላይ ነቀነቀች።

«በየቀኑ?»

ነቀነቀች። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

«እያየ ዝም አለኝ ብለሽ ነው... አምፖሉ በርቶ እያየ ቁጭ ብሏል ብለሽ ነው ፊትሽን ያዞርሽብኝ?»

በደህናው እጇ ፀጉሩን ጨብጣ ያዘችው። ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «አላየሁሽም የኔ እናት። በልጄ ሞት፣ አላየሁሽም! እኔ ድንጋይ ራስ!» እያለ። ልጅቱ ከሱቁ ተመልሳ ደጁ ላይ ቆማለች፤ የምታደርገው ጠፍቷት የሻንጣውን እጀታ ይዛ።

ሲረጋጋ ቀና ብሎ ያን የፈራውን ጥያቄ ጠየቃት። «መሄድ ትፈልጊያለሽ? ብትሄጂ አልቀየምሽም።»

ራሷን ወደ ጎን ነቀነቀች። ደጋግማ።

«በሉ እንግዲህ፣ ሻንጣውን ልፍታው» አለች ልጅቱ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የናንተ ነገር!»

ከምሳ በፊት ተቀባይዋን ዓይን ከበሩ በላይ ነቅሎ የግርጌው ሳንቃ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ዝቅ አድርጎ መታት። የሪሞቷንም ጉልበት መለሰላት፤ ድንጋይ እንደሆነ ይለቅ! ከራስጌዋ ደግሞ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ጨመረ፤ ሱቅ ያለው አምፖል ሲበራ አብራ እንድትበራ፣ መጥራቷ መድረሱን እሷም እንድታውቅ። አሁን ሲሞክር እጁን አልዘረጋም፤ ተኝቶ ሞከረ፣ ያለ ጫማ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ተቀምጦ ሳለ አንዱ ጎረምሳ የተሰነጠቀ ሪሞት ይዞለት መጣ። «ጋሽ ሪሞት፣ ወደቀብኝ» አለ። ጋሽ ሪሞት ሊቀልድበት አፉን ሲከፍት ቀዩ አምፖል ቦግ አለ። ሁሉን ጥሎ ሮጠ። ሚስቱ ምንም አልፈለገችም፤ እጁን ይዛ ጥቂት አቆየችውና ለቀቀችው። ተመልሶ አምፖሉን አጥፍቶ ገና መፍቻውን ሲያነሳ፣ ቦግ። ሄደ። ተመለሰ። ቦግ።

«ደህና አይደሉም እንዴ ባለቤትዎ?» አለ ጎረምሳው ግራ ገብቶት።

«ደህና ናት» አለ ጋሽ ሪሞት፣ ዓይኑን እየጠረገ ወደ በሩ እየተጣደፈ። «በዚህ ሁሉ ጊዜ የቀረሁባትን እያስከፈለችኝ ነው። ገና ብዙ ይቀረኛል፣ አንተ ነገ ና።»