የሬሐና የቅጣት ማቅለያ

ሬሐናን ሌባ ብለው ካሰሯት ቀን ጀምሮ ሆዴ እንደተቃጠለ ነው። ቡራዩ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ስታስል እንኳ እሰማታለሁ። ከሰው እንጨት ስንጥር አታነሳም።

ባሏ አብዱረዛቅ ግንበኛ ነበር። ከፎቅ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ነው፤ ሽንቱንም አይቆጣጠርም። ይህን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። እኔም ያወቅኩት ግድግዳው ስስ ሆኖ እንጂ እሷማ ትንፍሽ አላለችም። ሰው ሳይነሳ አንሶላውን አጥባ አስጥታ ሱቋን ትከፍታለች። ለጠየቃት ሁሉ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ነው መልሷ።

ባለፈው በጋ ውሃ ጠፋ። ጉድ እኮ ነው! የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ፣ ትልቁ ቧንቧ በደጃችን ወደ አዲስ አበባ እያለፈ፣ የእኛ ቧንቧ አየር ይተፋል። ሳምንት ሲያልፍ ሬሐና የባሏን መፍቻ ይዛ ወጣች። የትልቁን ቧንቧ መገጣጠሚያ አላልታ ጀሪካኗን ሞላች፤ መልሳ ማጥበቁ ግን አቃታት። ውሃው መንገዱን አጥለቀለቀው፣ ጥበቃዎች ደረሱ፣ ተያዘች።

ፍርድ ቤት አብሬ ሄድኩ። ዳኛው «ለምን አደረግሽው?» አሏት።

«ልብስ ላጥብ ብዬ።»

አዳራሹ ሳቀ። ይሳቅ! ጥፋተኛ ካሏት በኋላ ደግሞ «ቅጣት የሚያቀልልሽ ነገር ካለ ተናገሪ፤ ችግር አለብሽ?» አሏት። እኔ ከኋላ «ተናገሪ እንጂ አንቺ!» እያልኩ በውስጤ እርር ድብን እላለሁ። ሬሐና ሻርፗን አስተካክላ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብኝም» አለች። ምን ትበል ታዲያ? ገመናሽን ለሰው አታውሪ ተብላ አድጋ፣ በሞላ አዳራሽ የባሏን ሽንት ታውራ? አንድ ዓመት ፈረዱባት።

በሩ ላይ ሉሲ የምትባል የሕግ መምህርት አገኘችኝ። ስለ ድህነትና ቅጣት ጥናት እየሠራች በየችሎቱ ትዞራለች። «በከባድ ችግር ተገፍቶ ላጠፋ ሰው ሕጉ ያቀልላል እኮ፤ ለምን አልተናገረችም?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ሕጉ ይህን ካወቀ ቤቷ መጥቶ ለምን አያይም? ጎረቤት ለምን አይጠይቅም? ለምኖ ያልጮኸ ድሃ አይደለም ያለው ማን ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

ልጅቷ አልተቀየመችም። «እውነትሽን ነው፤ እኔም የምጽፈው ይህንኑ ነው። አሁን ግን ይግባኝ እንበል» አለች።

ወህኒ ቤት ስንሄድ ሬሐና አሻፈረኝ አለች። «የሺ፣ እሱ እኮ ወንድ ነው። ይህ ከተወራበት ይሞትብኛል።»

«ሳይወራም ሊሞትብሽ ነው» አልኳት። «እኔን አያስጠጋኝም። ወንድሙ ዛኪር ከሰበታ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ጀርባው ቆስሏል፣ ሬሐና።»

አለቀሰች፤ ከዚያ እሺ አለች።

የይግባኙ ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሊያግዟት ብለው ነው፤ ምነው በቀሩ! ዳኞቹ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ አይሰማም» አሏት። ከፍ አደረገች።

«ባሌ አልጋው ላይ ይሸናል። የማጥብበት ውሃ አልነበረኝም።»

በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ የለም። ቅጣቱ በገደብ ይሁን ተብሎ ተለቀቀች። ሉሲ ደስታዋን አልቻለችም፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን ሬሐናን አያለሁ። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ወሬው ከታክሲያችን ቀድሞ ቤት ገብቷል። አንዷ ጎረቤት ሳሙና፣ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ቶለራ አሮጌ አንሶላ ይዘው አልጋው ዙሪያ ቆመው «አይዞህ፣ ምን ያሳፍራል» ይሉታል። ስንገባ አብዱረዛቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መጣሁልህ እኮ» አለችው ሬሐና።

«በሰው ሁሉ ፊት ገፈፍሽኝ አይደል?» አላት።