መርዶ ከሳኦ ፓውሎ እስከ ሊማ

ወርቅአፈራሁ ጦር ኃይሎች አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጥ ውላ፣ ታክሲ ተጋፍታ ኮልፌ ስትደርስ ያማራት እግሯን ዘርግታ መቀመጥ ብቻ ነበር። የሰፈሩ እድር ግን አጀንዳ ይዞ ጠበቃት። በዕድሜዋ አንዴ እንኳ ሳትሳፈር፣ ትኬት ስለምትቆርጥ ብቻ ሰፈሩ አብራሪ አድርጎ ሾሟታል።

አቶ ቱሉ ትናንት ተቀብረዋል። ልጃቸው ለሊሳ ያለው ፔሩ፣ ሊማ ነው፤ አልሰማም። መርዶ ደግሞ ማለዳ፣ ፊት ለፊት ይነገራል እንጂ በስልክ አይወረወርም። ፌስቡክ ይህን ወግ አያውቅም፤ አንዱ ቀልቃላ "ነፍስ ይማር" ብሎ ከለጠፈ አበቃ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለማርያም፣ ከእህል ይልቅ ስብሰባ የሚያጠግባቸው ሰው፣ ድንኳኑ ጥግ ኮሚቴ አዋቅረዋል።

"ወርቄ፣ ጉዳዩ አልቋል" አሏት። "የእህቴ ልጅ ሰይፈሥላሴ ብራዚል ነው፤ ሳኦ ፓውሎ አየር ማረፊያ ውስጥ ጽዳት ይሠራል። ነገ ጠዋት ብቅ ብሎ ለለሊሳ ይነግረዋል።"

"የት ብቅ ብሎ?"

"ሊማ ነዋ። ሁለቱም ደቡብ አሜሪካ አይደሉ?"

"ጋሼ፣ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ነው። ከዚህ ናይሮቢ ሦስት እጥፍ። ቪዛውም አለ።"

"አንቺ ደግሞ ማራቅ ትወጃለሽ። ካርታ ላይ አይቼዋለሁ" አሉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ለኩላት። "ከአስኮ ቤቴል አይበልጥም።"

ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ፤ ርቀቱ እንዲያጥር በአንድ ድምፅ ተወሰነ። አህጉር ግን ቃለ ጉባኤ አይፈርምም። ወርቅአፈራሁ የቪዛውን ጣጣ ሁለት ጊዜ ካስረዳች በኋላ ኮሚቴው ወደ ጥንቱ ውሸት አፈገፈገ።

"እንግዲያው ደውይና አባትህን ትንሽ አሟቸዋል በይው። ይምጣ።"

"ለምን እኔ?"

"ስትልኪው ማንን አማከርሽ?"

ለሊሳ ወደ ሊማ ሲሄድ ትኬቱን የቆረጠችለት እሷ በመሆኗ ነው። ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ለቅሶው እንዳይሰማ ከድንኳኑ ራቅ ብላ ደወለች።

"እትዬ ወርቄ፣ ደህና ናችሁ?" አለ ለሊሳ። "ቤት ስደውል የሚያነሳ ጠፋ።"

"ደህና ነን። አባትህን ትንሽ አሟቸዋል። ብትመጣ ብለው ነው።"

ከበስተኋላው የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል።

"በየት በኩል ልምጣ?"

"በሳኦ ፓውሎ" አለች፤ እሱን ስትል ነው ነገሩ የታያት። መርዶው ወደ ልጁ መብረር ካቃተው፣ ልጁ ወደ መርዶው ይበራል። "እዚያ አውሮፕላን ትቀይራለህ። ሰይፈሥላሴ የሚባል የሰፈራችን ልጅ አየር ማረፊያው ውስጥ ይጠብቅሃል።"

"ምን ሊያደርግልኝ?"

"እንዲሁ። ብቻህን እንዳትሆን።"

"በስንት ሰዓት ነው የምደርሰው?"

ስልኳ ላይ በረራዎቹን አየች። ከሰዓት የሚደርስም ነበር።

"ማለዳ ነው። ጎህ ሲቀድ።"

ለሊሳ ኮልፌ ነው ያደገው፤ ጎህ ሲቀድ የሚጠብቅ ሰው ምን ይዞ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ሲተነፍስ ሰማችው።

"እሺ" አለ ቀስ ብሎ። "የማለዳውን ቁረጪልኝ።"

ስትመለስ ጋሽ ተክለማርያም አንገታቸውን አሰገጉ። "ጠረጠረ እንዴ?"

"አልጠረጠረም" አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።