የጋሼ ሜትር ካፖርት

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ሜትሩ ነው። ሌላው መንገደኛ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ወይም ሻሽ ጣል አድርጎ በተሰለፈበት የኤርፖርት አዳራሽ፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የልኬት ሜትራቸውን እንዳጠለቁ ቆመዋል። ከመታሸት ብዛት ቁጥሮቹ ግማሽ በግማሽ ለቀዋል። ረስተውት አይደለም ይዘውት የመጡት፤ ሜትሩ ከሌለ አንገታቸውን ይበርዳቸዋል። ፀሐዩ አናት በሚበሳበት በዚያ ቀን፣ ከሜትሩ በታች እስከ ቅልጥማቸው የሚወርድ ወፍራም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ላቡ ከጆሯቸው ሥር እየተነሳ ኮሌታው ውስጥ ይገባል።

"አባት፣ የሚሄዱበት አገር በረዶ ነው እንዴ?" አላቸው ከኋላቸው የተሰለፈ ጎረምሳ። እሱ ራሱ ሦስት ሹራብ ደራርቦ እንደ ትራስ ተነፍቷል።

"በረዶውስ እዚሁ ነው ያለው" አሉና ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።

በሠፈራቸው ጋሼ ሜትር ነው የሚባሉት። ሱቃቸው በፀጉር አስተካካዩና በሞባይል ጠጋኟ መካከል የተሸጎጠች፣ የስፌት መኪናና ጠረጴዛ ከገቡባት በኋላ ሰው በጎኑ የሚገባባት ክፍል ናት። ሚስታቸው የሞተችው ልጃቸው ገና ስትድህ ነበር፤ ስለዚህ ልጅቷ ያደገችው በዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ለብሳ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝታ፣ ቁጥርን በቁልፍና በአዝራር ተምራ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ዕድል ቀናትና ውቅያኖስ ማዶ ያለ ትምህርት ቤት ጠራት። ልትሄድ በተነሳችበት ጠዋት ጋሼ ሜትር የሱቁ በር መቃን ላይ አስደግፈው ከትከሻዋ እስከ መሬት ለኳት፤ ልብስ በሚያሰምሩባት የሳሙና ስባሪም መቃኑ ላይ መስመር አሰመሩ። ቬሎሽን የምሰፋው እኔ ነኝ አሏት። ሙሽራ መሆን በሐሳቧ አልፎ የማያውቅ ልጅ ነበረችና ሳቀችባቸው።

ከዚያ ወዲህ ሱቋ ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብታለች። መስመሩን የነካ ቀለም ቀቢ ግን የለም፤ ብሩሹ ሲጠጋ ጋሼ ሜትር መቃኑን በጀርባቸው ሸፍነው ይቆማሉ። ሳሙናው ሲደበዝዝ በላዩ ይደግሙታል።

ልጅቷ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ መምጣቱ ግን አልሆነላትም። ወረቀቷ ሲስተካከል ፈቃድ ይጠፋል፤ ፈቃድ ሲገኝ የቲኬቱ ዋጋ አይቀመስም። በስልኩ መስታወት ሁልጊዜ የሚያዩት ፊቷን ብቻ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከአንገቷ በላይ። ለጋሼ ሜትር ያ አገር እንደ ጨረቃ ነበር፤ ይታያል እንጂ አይኬድበትም።

በኋላ ቢጫዋ መጣች።

የአየር መንገዱን ትክክለኛ ስም በሠፈሩ የሚጠራ የለም፤ የአውሮፕላኗ ጭራ ቢጫ ስለሆነ ቢጫዋ ናት። ርካሽ በረራ ለቅርብ መንገድ እንጂ ውቅያኖስ ለማቋረጥ ተሰምቶ ስለማያውቅ፣ ወሬው ሲመጣ ሰው ሁሉ የቀልድ አድርጎ ወሰደው። ለሙከራ በሠፈሩ ላይ ያለፈች ቀን ግን ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛውን ጥሎ ወጣ፤ ደንበኛውም አረፋውን እንደተቀባ ተከትሎት ወጣ። ጋሼ ሜትር መቀሳቸውን እንደያዙ አንጋጠጡ። ሆዷ ነጭ ነበር፤ በጣም ነጭ፣ ገና መቀስ እንዳልነካው ጣቃ ጨርቅ። ያን የሚያህል ብረት ያን ሁሉ ሰው አዝሎ፣ ከሥሩ ውሃ ብቻ እያየ፣ ቀኑን ሙሉ ሊሄድ ነው። ከሚታዘለውም ሰው አንዱ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ድምፁ ጠፍቶ ሰዉ ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ እንኳ አንገታቸውን አላወረዱም። ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ትከሻቸውን ነካ ባያደርጋቸው እዚያው ይመሽባቸው ነበር።

ልጃቸው ላገባ ነው ብላ የነገረቻቸው በዚያው ሰሞን ነው። ቬሎውን እዚሁ ልግዛው፣ አንተ ብቻ ና አለቻቸው። ግግም አሉ። እንግዲያውስ ልኬቴን ልላክልህ፣ ያኔ የለካኸኝ ልጅ አይደለሁም ብትላቸው ደግሞ፦

"ሰው በስልክ አይለካም" አሏት።

ቲኬቱን በስልኳ የቆረጠችላቸው ሞባይል ጠጋኟ ናት፤ ስታወራ ጥርስ የማታስከድን ሴት። ደንቡንም አንብባ አስረዳቻቸው። ምግብ የለም፤ የራበው ይገዛል። ብርድ ልብስ የለም። ሻንጣ በነፃ የለም፤ መቀመጫ ሥር የምትገባ አንዲት ቦርሳ ብቻ። ወንበሩስ አለ ወይ ብለው ጠየቋት። አለ፣ ግን ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ እንደ ፎቶ ቤት አለቻቸው።

ጋሼ ሜትርን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ቬሎው ተሰፍቶ መኪናው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወገቡ ጠበብ፣ ታቹ በሽንሽን የተለቀቀ፣ ጠባቧን ሱቅ እንደ ደመና የሞላ። እዚያች ቦርሳ ውስጥ ቢታጨቅ ሽንሽኑ ያልቅለታል። ሠርጉ እሳቸው በደረሱ ማግስት ስለሆነ የሚያቃኑበት ጊዜ አይኖርም። ለሻንጣ የሚጠየቀው ደግሞ ከቲኬቱ አይተናነስም፤ እጃቸው ላይ የነበረው ሁሉ ጨርቁና መንገዱ ላይ አልቋል።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ደግሞ የለበሱት ልብስ አይመዘንም ይላል" አለች ሞባይል ጠጋኟ፣ ጣቷን ስልኩ ላይ እያንሸራተተች። "ያለዎትን ሁሉ ደርበው መሄድ ነው። ቬሎውንም ይልበሱት እንግዲህ።"

እሷ ለቀልድ ነው ያለችው። ጋሼ ሜትር ግን መኪናቸውን አቆሙ።

ካፖርቱ የተሰፋው እንደዚያ ነው። ከውጭ ሲያዩት የማንም ሽማግሌ ካፖርት ነው። ገበሩ ግን ቬሎው ነው። ትከሻውን ከትከሻው፣ ወገቡን ከወገቡ ገጥመው፣ በሚፈታ የእጅ ስፌት ከውስጥ አያያዙት፤ ሽንሽኑ ሳይጨማደድ በጀርባቸውና በጎናቸው ዙሪያ ወረደ። የቬሎውን የታች ጠርዝ ግን በክር አልዘጉትም። ጨርቁን ስንዝር ያህል አስረዝመው ቆርጠው ነበር፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ መቃኑ ላይ ባለው መስመር ልክ ዙሪያውን በእስፒል ወጉት።

"ልጅቷ አድጋ ቢሆንስ?" ብላቸው ነበር ሞባይል ጠጋኟ።

"ልጄን እኔ አውቃታለሁ" አሉ። ታዲያ ያን ስንዝር ለምን ተዉት? እሷም አልጠየቀችም፣ እሳቸውም ለራሳቸው አልመለሱም።

በመጀመሪያው በረራ ቀን እስከ ኤርፖርቱ በር ሸኘቻቸው። ሲደርሱ ይደውሉ፣ ካልደረሱም ይደውሉ ብላ ቀልዳ ፊቷን አዞረች።

ውስጥ የነበረው ሰው በሕይወቱ ሩቅ በረራ ያላሰበ ሰው ነበር። እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበት፣ ጫማውን ለዚህ ቀን የገዛ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁለት ቀሚስ ደርባ የምትራመድበት ያጣች። ቦርሳ የሚለካበት የብረት ሳጥን ፊት እየተሳሳቁ ይገፋሉ፣ ይጠቀጥቃሉ፣ ያለፈለት ያላለፈለትን ይረዳል። በመስታወቱ ባሻገር ቢጫዋ ቆማለች። ወደ እሷ የሚያይ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እንዲህ ቅርብ ሆና እንዲህ ትልቅ ናት ብሎ ያሰበ አልነበረም። የጋሼ ሜትር ቦርሳ በብረቱ ሳጥን ውስጥ ገብታ ወጣች። ካፖርቱን ማንም አልጠየቃቸውም። ተንፈስ አሉ።

መፈተሻው ጋ ግን ካፖርት ይወልቃል ተባሉ። ይህን ደንቡ ላይ ማንም አላነበበላቸውም። ሌላ መሄጃ ስላልነበረ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ ካፖርቱን የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ ተንቀሳቃሹ ቀበቶ ላይ አስተኙት፤ ጥቁሩ መጋረጃም ዋጠው።

ስክሪኑ ላይ የተቀመጠችው ፈታሽ ረጅም ወጣት ሴት ናት፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ በጎን የምትቀመጥ። ቀበቶውን አቆመች። ትንሽ መለሰችው። እንደገና አቆመችው። ለጓደኛዋ በእጇ ምልክት ሰጠች። እሱም መጥቶ አየና አለቃቸውን ጠራ። አለቃዋም መጣች። ሦስቱም ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ።

ካፖርቱ ስክሪኑ ላይ ጥቁር አይደለም። ጎህ ሲቀድ እንደሚታይ ደመና፣ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ነው። በደመናው ውስጥ ሌላ ደመና አለ፤ ወገቡ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ ያለ። በዚያኛው ግርጌ ዙሪያ ደግሞ ደቃቅ ሰማያዊ ነጥቦች ተሰልፈዋል። ከሩቅ ሆነው በክብ የሚዞሩ ወፎች ይመስላሉ። በየቀኑ ቀበቶና ጫማ፣ ቁልፍና ማበጠሪያ የሚያይ ዓይን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

"አባቴ፣ ይሄ ምንድነው?" አለች አለቃዋ።

"የልጄ ቬሎ ነው።"

ሦስት ሹራብ የደረበው ጎረምሳ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

አለቃዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቬሎው ያልፋል አለቻቸው፤ ዛሬ ግን የመጀመሪያው በረራ ነውና ሹል ነገር አንድም እንዳያልፍ ታዘናል፤ እስፒሉ በሙሉ ይውጣ። ጋሼ ሜትር ልጄን የለካሁበት ነው፣ እሱ ከወጣ ልኬቷ ይጠፋል ብለው ለመኗት። መርፌና ክር ስጡኝና እዚሁ ልስፋው አሉ። መርፌም አይቻልም። ወይ እስፒሉ ይቀራል፣ ወይ ካፖርቱ ይቀራል።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ካፖርቱን ገለበጡት። ነጩ ሲወጣ ዙሪያው የቆመው ሰው ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ በአዳራሹ ውስጥ መብራት የጨመሩ ያህል ነበር። ጎረምሳው ሳይጠየቅ እጅጌውን ደግፎ ያዘላቸው። ጋሼ ሜትር የመጀመሪያውን እስፒል ነቀሉ፤ ሁለተኛውን ነቀሉ። ከዚያ ከሱሪ ኪሳቸው የሳሙናዋን ስባሪ አወጡ። ሳሙና አይወጋም፤ ሳሙናን የሚከለክል የለም። እስፒል የነበረበትን ሁሉ በመስመር ቢያያይዙት ልኬቱ ይተርፋል።

ረጅሟ ፈታሽ ወንበሯን ለጓደኛዋ ለቃ አጠገባቸው መጥታ ቆማ ነበር።

"ከሄደች ቆየች?" አለቻቸው።

"አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።"

"ከዚያ ወዲህ ቆማ አላዩዋትም?"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ እኮ ያደግሁት ከአሥራ ስድስት በኋላ ነው" አለች፣ እንደ ማፈር ብላ። "በር ሁሉ እየመታኝ። እናቴ በየቀኑ ስለምታየኝ አልታወቃትም፤ ቀሚሴን እያየች ጨርቁ ነው የገባው እያለች ልብስ ሰፊውን ትጨቀጭቅ ነበር።"

ጋሼ ሜትር ቀና ብለው አዩዋት። ከጫማዋ ተነስተው እስከ አናቷ፣ ቀስ ብለው። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ ሜትሩን ጨበጠ፤ መልሶም ለቀቀው። በስልኩ መስታወት ያዩት የነበረው ፊት ብቻ መሆኑ፣ ከፊቱ በታች አንዲት የማያውቋት ሴት ሙሉ ቁመቷን ይዛ ቆማ እየጠበቀቻቸው መሆኑ፣ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ደነገጡ። ድንጋጤው ግን ቢጫዋ በሠፈሩ ላይ ባለፈች ቀን የያዛቸው ዓይነት ነበር።

ሳሙናዋን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

"ቆማ አያታለሁ" አሉ።

የቀሩትን እስፒሎች ሳያሰምሩ፣ ሳይቸኩሉ ነቅለው አለቃዋ በያዘችላቸው ሳህን ላይ ጣሏቸው። ተጣጥፎ የነበረው ጨርቅ እየተፈታ ወረደ። ካፖርቱን ሲለብሱት ከጥቁሩ ጠርዝ በታች ነጩ ስንዝር ያህል ብቅ አለ፤ እግራቸው ላይም ተኛ።

ወደ አውሮፕላኗ የሚኬደው በእግር ነው። ረጅሟ ፈታሽ የመስታወቱን በር ገፍታ ያዘችላቸው። ውጭ ነፋስ ነበር፤ ቢጫዋም በመንገዱ ጫፍ ሰማዩን ከልላ ቆማለች። ጋሼ ሜትር ደፉን ተሻግረው ቆም አሉ። አስፋልቱን አዩ፣ ነጩን ጠርዝ አዩ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው በቀኝና በግራ ያዙት፤ መሬት እንዳይነካው ከፍ አደረጉት።

እንዲህ አድርገው ነው የሄዱት። ሜትሩ በትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ፣ ነጩ በነፋሱ እየተነሳ፣ ሽማግሌው ጠርዙን እንደ ሙሽራ ሰብስበው፣ አንድም ጊዜ ሳይዞሩ።