የጠላት ልጅ መርዶ

ልጄ ለትምህርት የታዘዘችውን ልቦለድ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳት መኪና ውስጥ ትረካውን ከፍታ ታስደምጠኛለች። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ የዘመተ አንድ ስደተኛ ወታደር አለበት። ከውጊያው በኋላ መቶ አለቃው የራሳቸውን ሙታን ለየብቻ፣ የጠላትን ግን በአንድ ጉድጓድ እንዲቀብሩ ያዛል። ስደተኛው እምቢ ብሎ ለጠላትም አንድ በአንድ መቆፈር ይጀምራል። መቶ አለቃው "እነዚህ ከእኛ እኩል ናቸው?" ቢለው፣ "የእነሱን እንጃ፤ እናቶቻቸው ግን ከእኔ እናት አያንሱም" አለው።

"ውሸት ነው!" አልኩ መሪውን መትቼ። እኔም አገር ቤት ወታደር ነበርኩ። ከውጊያ የወጣ ሰው እንኳን ለጠላት ሊቆፍር፣ የራሱን ጫማ ማውለቅም ያቅተዋል። ይሄን የጻፈው ሰውዬ አካፋ ይዞ አያውቅም።

"ሶ፣ ዳዲ፣ አትስማማም? ቲቸሯ የፋሚሊ ኦፒኒየን ጠይቁ ብላለች።"

"ኋላ እነግርሻለሁ" አልኳት።

እንዲህ ያንገበገበኝ ልቦለዱ ብቻ አልነበረም። በምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ፣ ሮውሌት ውስጥ፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። አንድ ልጃቸው አገር ቤት ጦርነት ላይ ሞቷል። እዚህ ያለን የአገር ልጆች ሁላችን ሰምተናል፤ እሳቸው አልሰሙም። ልጁ የተሰለፈው ወንድሜን ከገደለው ወገን ጋር ነበር። መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰባስቦ፣ በማለዳ ሄዶ ነው፤ ለእሳቸው ግን የሚሰበሰብ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸውን ወንዶች ስጠይቅ አንዱ ሥራ አለብኝ አለ። ሌላው "የራሳቸው ሰዎች ይንገሯቸው። ደግሞ አንተ ነህ እንዲህ የምትለን?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እኔም ወድጄ አልነበረም የምለምነው። ወንድሜን ሳስብ እናደዳለሁ፤ እሳቸውን ሳይ እሸማቀቃለሁ። ግራንድ ፕሬሪ ከተማ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ በማይሄድበት መኪና ላይ ጭኜ አለቃዬ ጮኸብኝ። ቁጭ ስል መነሳት፣ ስነሳ መቀመጥ ያምረኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እኚያ እናት መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙኝና ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

"አንተ ወታደር ነበርክ፤ እስቲ ንገረኝ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሆኖ ነው የማይደውለው፣ አይደል?"

ስልኩን ተቀብዬ ነካካሁት። "እማማ፣ ቻርጅ ያድርጉት" አልኩ። ምን ዓይነት መልስ ነው!

በማግስቱ ያ ስደተኛ ከመኪናው ስፒከር መናገር ሲጀምር አጠፋሁት። "ዳዲ!" ብላ ጮኸች ልጄ። ጠምዶ ያዘኝ ሰውዬው። ለእሱ ምን አለበት? የሚቀብራቸው ሰዎች ወንድሙን አልገደሉበት፤ እናቶቻቸው መንገድ ላይ ጠብቀው ስልክ አይሰጡት። እኩልነት ለእሱ ቀሎታል፤ እኔ ግን ቀናሁበት።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ከእንግዲህ ማንንም አልለምንም ብዬ ቆርጬ ነበር። ሄጄ አንኳኳሁ።

በሩን ከፈቱ። ጋቢዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የመጣ ሰው መናገር አያስፈልገውም። ይወድቁብኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልወደቁም፣ አልጮኹምም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን አዩ። ማንም አልነበረም። የወንድሜ መርዶ ሲነገረኝ እኮ በዚያ መንገድ ላይ መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ነበር፤ እሳቸውም መጥተው ሦስቱንም ቀን አብረውኝ አልቅሰዋል። ብቻዬን መምጣቴ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገና ገባኝ፤ አፈርኩ።

"ሌሎቹስ?" አሉኝ።

"እኔ ብቻ ነኝ፣ እማማ።"

"ለልጄ አንድ ሰው?" አሉ፤ ከዚያ ነው የጮኹት።