ብቅል ጠባቂው ሣጥን

ልጅ እያለሁ፣ ነሐሴ ሲገባደድና የደብረ ታቦር ሰማይ አንዴ ፀሐይ አንዴ ዝናብ ሲሆን፣ የእኔ ሥራ ብቅል መጠበቅ ነበር። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ጠላ የሚሆነውን የገብስ ብቅል ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ ታሰጣለች፤ እኔ አጠገቡ ተጎልቼ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። «ጠብታ ቢያገኘው ወዮልሽ!» ትለኛለች። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ግቢ፣ ጓደኞቼ አበባየሆሽ ይለማመዳሉ። ከበሮ መቺዋ እኮ እኔ ነኝ! ያቺ እጀ ድንጋይ አልማዝ ከበሮዬን ስትደበድበው እየሰማሁ እንባዬ ይመጣ ነበር።

በዚያው ክረምት፣ እኛ ቤት ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት የፊዚክስ መምህር ዝውውር ደርሷቸው ሲሄዱ አንድ ሣጥን ሰጡኝ። የኤሌክትሪክ መማሪያ ነው። ትንንሽ ሞላዎች የተተከሉበት ሰሌዳ፣ ባለ ብዙ ቀለም ሽቦዎች፣ የጣሳ ክዳን የምታክል ድምፅ ማጉያ አለው። ሽቦውን ሞላው መሐል ሸጎጥ ማድረግ ነው፤ ብየዳ የለ፣ ምን የለ። ስከፍተው የሚሸተኝ የአሮጌ ሬዲዮ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሞቅሁ አንዴ አምፖል አበራለሁ፣ አንዴ አስጮኸዋለሁ። አቤት ደስታዬ!

ከመማሪያው ሥዕሎች አንዱ ውሃ ሲነካው የሚጮህ ነገር ነበር። ሁለት ልጣቸው የተላጠ ሽቦዎች ሳይነካኩ ደረቅ ጨርቅ ላይ ይታሰራሉ፤ ጨርቁ ሲርስ ድምፅ ማጉያው ኡኡ ይላል። ይኸው ብቅል ጠባቂ! በንጹሕ ውሃ ስሞክረው ድምፁ ስልል አለብኝ፤ በጨው ውሃ ግን ጆሮ ይበጥሳል። ስለዚህ ጨርቁን ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አደረቅሁትና ሰሌኑ ጫፍ ላይ አኖርኩት። እናቴ ልምምዱ ልሂድ ብዬ ብዙ ከለመንኳት በኋላ፣ «እሺ፣ ሂጂ። ብቅሉ ከተበላሸ ግን ይሄን ሣጥንሽን እሳት ውስጥ ነው የምጨምረው» አለችኝ። እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

ገና ከበሮዬን ማሞቅ ስጀምር ሣጥኑ ጮኸ። ኧረ ምን መጮህ፣ እሪ አለ እንጂ! እኔ ስሮጥ ልጆቹ ሁሉ ተከተሉኝ፤ እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። ማንም ቀና ብሎ ሰማይ ያየ የለም። ሰሌኑን በየጫፉ ይዘን እየተጋፋን ብቅሉን ቤት አስገባን። ፀሐይዋ አናታችንን እያቃጠለችን መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አለቀልኝ፣ ሣጥኔ ተቃጠለ ብዬ ክው አልኩ። ይሄኔ አልማዝ በጣቷ አሳየችን፤ እትዬ ዘነቡ ጨው እያላሱ ለበዓል የሚያደልቡት ሙክት፣ አጥሩን ሾልኮ ገብቶ፣ ጨርቄን አፉ ውስጥ አድርጎ፣ ሽቦውን አንጠልጥሎ ያላምጣል። በላሰው ቁጥር ሣጥኑ ይጮሃል። ጢሙ ላይ የብቅላችን ገለባ! እናቴ በሳቅ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «ዝናቡስ ይቅር፣ ሌባ ያዘልኝ! በይ ሂጂ፣ ከበሮሽን ምቺ፤ ዘበኛሽን ወድጄዋለሁ» አለችኝ።

ዛሬ ስልኬ ደመናው ሳይጠቁር ይዘንባል ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አይሳሳትም። ግን እስካሁን አንድም ቀን ሰፈሩን ሙሉ በከንቱ አስሩጦ፣ መሬት ላይ ዘፍ እስክንል አስቆን አያውቅም።